ቀለል ማለት ግዴለሽ መሆን ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ቢሮ እሠራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አልጋ ላይ የዋለች እናቴንም የማስታምማት እኔ ነኝ። የማገኘው ሰው ሁሉ ‹አታካብጂ፣ ቀለል አድርገሽ ኑሪ› ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ሁሉን ነገር በሳቅ ያሳልፋል፤ ሰውም ይወደዋል። እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ያልጨረስኩትን እቆጥራለሁ። ቀለል እንዲለኝ ብዬ ማለዳ ተነስቶ ማሰላሰል፣ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ፣ የስፖርት ቡድንና አንድ የኢንተርኔት ሥልጠና ጀምሬ ነበር። አሁን እነሱም ያልተሠራ ሥራ ሆነው ይታዩኛል። ቀለል ማለት ምንድን ነው? እንደ ወንድሜ መሆን ከሆነ አልፈልገውም።» (ትከሻዬ የዛለ)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

እንደ ወንድምሽ መሆን አለመፈለግሽ ተገቢ ነው። ቋንቋችን ራሱ ስለዚህ ነገር ልቡ ሁለት ነው። ሸክም ሲቀል እፎይ እንላለን፤ ሰው ሲቀል ግን እናፍርለታለን። «ቀላል ሰው» ማለት ንቀት፣ «ከባድ ሰው» ማለት አክብሮት ነው። ቅለትና ቅሌትን የሚለያቸው የአንዲት ፊደል ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቀለል በይ» ሲሉሽ ጆሮሽ «ክብርሽን ጣዪ» ብሎ ቢሰማው አይፈረድበትም።

እኛ ቅለት የምንለው የያዙትን ነገር ክብደት በልኩ ማወቅ፣ ያንን የሚያህል ጉልበት ብቻ ማውጣትና ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ማንሳትን ነው። ግዴለሽ ሰው አይመዝንም፣ አያነሳምም፤ እሱ የተወውን ሌላ ሰው ያነሳዋል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የዚህ ሰው ቅለት በማን ትከሻ ላይ ነው ያለው? የወንድምሽ ቅለት አንቺ ትከሻ ላይ ካለ፣ ወንድምሽ ቀለል ብሎ የሚኖር ሰው ሳይሆን ሸክሙን ያሻገረ ሰው ነው። እሱ ጋ በኋላ እንመለሳለን።

ከዚያ በፊት ያንቺን አንድ ስህተት እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሠራው ነው። ቀለል እንዲልሽ ፈልገሽ አራት ነገር ጨመርሽ። እ.ኤ.አ. በ2021 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ሰዎች አንድን ነገር እንዲያሻሽሉ ሲጠየቁ ቀድሞ የሚታያቸው መጨመር ነው፤ ማንሳት የተሻለ ቢሆን እንኳ ብዙዎቹ አያስቡትም። መቀነስም እንደሚቻል በቃል ሲታወሳቸው ግን የሚቀንሱት በዙ። ስለዚህ «ምን ባደርግ ይሻለኛል?» ብለሽ በጠየቅሽ ቁጥር፣ አጠገቡ «ምን ባነሳ ይሻለኛል?» ብለሽ መጻፍን ልማድ አድርጊው። ይህ ጥያቄ በራሱ ጊዜ አይመጣም።

ከአራቱ ሦስቱን ለአራት ሳምንት አቁሚ። የሚቀረውን ለመምረጥ፣ ካበቃሽ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰውነትሽን ጠይቂው፤ ከመጀመርሽ በፊት ከነበረው የተሻለውን ያዢ። ለእኛ ቢተው ስፖርቱን እናስቀር ነበር፤ ከቤትም ከሐሳብም ስለሚያወጣሽ። ሥልጠናውን መጀመሪያ እናነሳለን። ስታቆሚ ግን በግልጽ ይሁን፤ ዝም ተብሎ የተተወ ነገር ተተወ አይባልም። ለሚመለከተው ሰው «ለአንድ ወር አልመጣም» ብለሽ መልእክት ላኪ፣ ሥልጠናውን ከስልክሽ አጥፊ፣ ማንቂያውን ሰርዢ። ያልተዘጋ በር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንኳኳል።

አሁን ዋናው ሥራ። ማታ፣ ከመኝታ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ 25 ደቂቃ፣ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ። ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ መስመር አንድ ነገር እያደረግሽ ጻፊ። አትደርድሪ፣ አታሳምሪ፣ የቱ ይቀድማል አትበዪ። እጅሽ ሲቆም ሦስት ደቂቃ ጠብቂ፤ በጣም የከበደው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ከአርባ መስመር ቢያልፍ አትደንግጪ። ኔልሰን ካወን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2001 ባወጡት ጽሑፍ መሠረት አእምሮ በአንድ ጊዜ ከፊት ለፊቱ የሚይዘው አራት ያህል ነገር ነው። አርባውን በቃልሽ ስትይዢ አርባውንም አልያዝሽም፤ አራት አራቱን እያዟዟርሽ ነው። ድካምሽ በአብዛኛው ከዚህ ማዟዟር የሚመጣ ይመስለናል።

ከዚያ በየመስመሩ ዳር አንድ ፊደል አኑሪ፦ «ሥ» ለሥራ፣ «ው» ለውሳኔ፣ «ሰ» ለሰው (የሌላ ሰው ጉዳይ ለሆነው)፣ «ሐ» ለሐዘን። የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አንዳንዱ መስመር አንድ ፊደል አይበቃውም፤ ያ ማለት መስመሩ ሰፍቷል ማለት ነው። ያንቺ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ «እናቴ» የሚል እንደሚሆን እንገምታለን። «እናቴ» ሥራ አይደለችም፤ እንዲህ ሆና ስትጻፍ ተራራ ናት። ተራራውን ስትፈቺው እንዲህ ይሆናል፦ መድኃኒቷ ሐሙስ ያልቃል (ሥ)፣ ሌሊት አስታማሚ ሰው ይቀጠር ወይስ አይቀጠር (ው)፣ አክስቴ «አልጠየቅሽኝም» ብላ ተቀይማለች (ሰ)፣ እናቴ ከእንግዲህ እንደ ድሮዋ አትሆንም (ሐ)። አራቱ በአንድ ስም ተጠቅልለው ሲመጡ የመድኃኒቱን መግዛት የሐዘኑ ክብደት ይጫነዋል። ፋርማሲ መሄድ እንደ ቀብር የሚከብደው ለዚህ ነው። ሲለያዩ ግን ፋርማሲ መሄድ ፋርማሲ መሄድ ብቻ ይሆናል፤ ሐዘኑም ሐዘን ሆኖ ቦታውን ያገኛል። ከዚህ መልስ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን መለያየት ያዢ።

«ሥ» ያልሽውን በግሥ ጻፊው፤ ቀኑንና ቦታውንም ጨምሪ። «መድኃኒት» ሳይሆን «ረቡዕ ከቢሮ ስወጣ መድኃኒቱን እገዛለሁ»። ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1927 ያልተጨረሰ ሥራ ከተጨረሰው ይልቅ በአእምሮ ውስጥ ይቆያል የሚለውን ሐሳብ ከሙከራ ጋር አቅርባ ነበር። ከእሷ በኋላ የተሠሩት ሙከራዎች ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት አልሰጡም። ላንቺ የሚጠቅምሽ ግን በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ነው፤ ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ሐሳብ መበጥበጡን የሚቀንሰው ሲጨረስ ብቻ ሳይሆን መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ እቅድ ሲወጣለትም ነው። መቅለል የሚጀምረው ከመጨረስ በፊት ነው ማለት ነው። እቅዱ ግን እውነተኛ ይሁን። «በዚህ ሳምንት አደርገዋለሁ» እቅድ አይደለም።

«ው» ላይ ብዙ አንቆይም። ሊመለስ የሚችል ውሳኔ ከሆነ አሥር ደቂቃ ስጪው። የሚበቃሽ ምን እንደሆነ አስቀድመሽ ጻፊና ያንን ያሟላውን የመጀመሪያውን አማራጭ ውሰጂ። ሊመለስ የማይችል ከሆነ ሦስት ነገር ጻፊ፦ የጎደለኝ መረጃ ምንድን ነው፣ ማን ጋ ነው ያለው፣ የምወስነው በየትኛው ቀን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ጉዳዩ ማሰብ ሥራሽ አይደለም።

«ሰ» ላይ ግን ቆም በይ፤ ያንቺ ዓይነት ሰው ወረቀት ላይ ይህ ፊደል ይበዛል። እያንዳንዱን እንዲህ ጠይቂው፦ አደራ ተብዬ ነው ወይስ ማንም ሳይጠይቀኝ ያነሳሁት? ሳትጠየቂ ያነሳሽውን ለባለቤቱ መመለስ ትችያለሽ፤ የሚያስቸግርሽ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን ንቀሽ ጣዪው አንልሽም፤ ሰውን ከሰው ጋር የሚያኖር መልካም ነገርም አለበት። መጠኑን ግን ልኪለት። እምቢ ስትዪ አጭር ሁኚ፦ «በዚህ ወር አልችልም»። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ አምስት ምክንያት ይደረድራል። ምክንያት ሲበዛ ሰሚው አንድ በአንድ መፍትሔ ያመጣለትና ድርድር ይከፈታል። ወዲያው እምቢ ማለት ከከበደሽ «ነገ ጠዋት እነግርሃለሁ» በዪና ቃልሽን ጠብቀሽ ጠዋት ንገሪው።

«ሐ» ያልሽውን አናቀልልሽም። የእናት መድከም ከባድ ነው፤ ከባድም መሆን አለበት። የምትወጂው ሰው ሲያልቅ እያየሽ ቀለል ቢልሽ ነበር የምንሰጋልሽ። ከሐዘን ላይ ሊነሳ የሚችለው ላዩ ላይ የተጫነው ነው፦ «ማልቀስ የለብኝም»፣ «ልጆቼ ሊያዩኝ አይገባም»፣ «ቀድሜ ሐኪም ጋ ብወስዳት ኖሮ»። እነዚህን ከሐዘኑ ለይተሽ ጻፊያቸው። ሐዘኑ ግን ከእናትሽ አጠገብ ምንም ሳትሠሪ የምትቀመጪበት ጊዜ ይፈልጋል። በቀን 15 ደቂቃ፤ አንሶላ ሳታስተካክዪ፣ ስልክ ሳትይዢ፣ እጇን ይዘሽ። አስታማሚዎች ብዙውን ጊዜ የሚያጡት ይህንኑ ነው፤ ሥራው ሰውየዋን ይሸፍንባቸዋል።

ወደ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንምጣ። «አታስቢ» የሚለው ምክር አይሠራም። ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ ሲሏቸው ድቡ ደጋግሞ ወደ ሐሳባቸው መጣ፤ ክልከላው ከተነሳ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ባሰ። የሚሠራው ቀጠሮ ነው። ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በ1983 የሞከሩት ዘዴ እንዲህ ነው፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት ይመደባል። ቀን ላይ ጭንቀት ሲመጣ ትለይዋለሽ፣ «ቀጠሮህ ማታ ነው» ትይውና እጅሽ ላይ ወዳለው ሥራ ትመለሻለሽ። ሰዓቱ ሲደርስ ተቀምጠሽ የሚፈታውን ትፈቺያለሽ። ለምሳሌ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ አንዲት ወንበር ላይ ይሁን። አልጋ ላይ ከቶ አይሁን፤ አልጋው የጭንቀት ቦታ ይሆንብሻል። ወረቀት ይዘሽ ተቀመጪ፤ ካልጻፍሽ ያንኑ ታሪክ ለራስሽ መደጋገም ይሆናል። ሌላው የሚያበላሸው ነገር ደህና በዋልሽበት ቀን ቀጠሮውን መዝለል ነው። አእምሮሽ «ቆይ» ስትይው የሚያምንሽ ቀጠሮ አክባሪ መሆንሽን ሲያይ ነው፤ አንድ ሁለቴ ካታለልሽው ሌሊት ይመጣልሻል። ምንም ከሌለሽ አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ ተነሺ።

ልትተኚ ስትይ ደግሞ አምስት ደቂቃ ወስደሽ የነገን ሥራ ዝርዝር ጻፊ። ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ በ2018 ባወጡት ጥናት 57 ወጣቶች በእንቅልፍ ላቦራቶሪ ውስጥ አድረው ነበር፤ ግማሾቹ ቀጥሎ የሚሠሩትን፣ ግማሾቹ የጨረሱትን ጻፉ። ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝሩ በጠራ መጠንም ቶሎ ተኙ። ዘጠኝ ደቂቃ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ግን በአምስት ደቂቃ ጽሑፍ የተገኘ ነው። ሌሊት ከነቃሽ ሰዓቱን አትዪ። እንቅልፍ ሃያ ደቂቃ ያህል እምቢ ያለሽ ከመሰለሽ ተነስተሽ በደብዛዛ ብርሃን ተቀመጪ፣ ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ። የመጣውን ሐሳብ በአንዲት መስመር ጽፈሽ ለማታው ቀጠሮ አስተላልፊው።

የአያያዝ ነገርም አለ፤ ይህ ከጭንቅላት ይልቅ የጡንቻ ጉዳይ ነው። የከበደ ሰው ማንኪያንም እንደ መዶሻ ይይዛል። ይህን እያነበብሽ መንጋጋሽ ተነካክሶ፣ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ጡንቻን አስቀድሞ ወጥሮ ቀጥሎ መልቀቅን የሚያስተምር ዘዴ በ1929 አሳትመዋል፤ መሠረቱም ሰው መወጠሩን ካላወቀ መልቀቅ አይችልም የሚል ነው። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ፦ እጅሽን ከአምስት እስከ ሰባት ሰከንድ ጨብጪ፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቂና ከሃያ እስከ ሠላሳ ሰከንድ ልዩነቱን አዳምጪ። ከእጅ ወደ ክንድ፣ ትከሻ፣ ፊት፣ መንጋጋ፣ ሆድ፣ እግር ትሄጃለሽ። ሁሉም 15 ደቂቃ አይሞላም። እስኪያም አትጨብጪ፣ የታመመ ቦታ ካለሽ እለፊው፣ መልቀቂያውን አታሳጥሪ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ደግሞ ይህን አምስተኛ ግዴታ እንዳታደርጊው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ተለማመጂው፤ ከዚያ በኋላ የበር እጀታ በያዝሽ ቁጥር ትከሻሽን ማውረድ ብቻ ይበቃሻል።

የምትናገሪበትም ቃል ይመዝናል። «አካበድሽ» ሲሉሽ የሚቆጣሽ ከፊሉ ስህተት ስለሆነ ነው፤ ጭነትሽ እውነተኛ ነው። ከፊሉ ግን እውነት አለው። «ሁሉ ነገር ተበላሸ» ስትዪ ራስሽን የማትችዪው ነገር ፊት ታቆሚያለሽ። «ሁለት ነገር ተበላሸ፤ አንዱን ነገ አስተካክለዋለሁ» በዪ። ራስን ለማጽናናት አይደለም፤ ልክ ስለሆነ ነው። ሁለት ከሁሉ ያንሳል።

አንድ ጥንቃቄ። ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ልብሽ ጨልሞ ከቆየ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዛባ፣ መነሳት ራሱ ካቃተሽ፣ ይህ የአኗኗር ጥያቄ አይደለም፤ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የጤና ባለሙያ ይይሽ። ባልኖርኩ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀን ሳትቆጥሪ በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ነግረሽ ወደ ሕክምና ሂጂ። በወረቀትና በፊደል የሚፈታ ነገር አይደለም።

አሁን ወንድምሽ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይባላል፤ ግን ሎሚውን እንዴት ነው የምታካፍዪው? «እርዳኝ» አትበዪው። እርዳታ ባለቤቱን አይቀይርም፤ አንቺ አለቃ፣ እሱ ተላላኪ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ማሰቡም አንቺው ጋ ይቀራል። አሊሰን ዳሚንገር የተባለች የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ2019 የቤት ውስጥን የማሰብ ሥራ በአራት ከፍላዋለች፦ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰንና መፈጸሙን መከታተል። ወንድምሽን «ማክሰኞ እማዬን ሐኪም ጋ ውሰዳት» ስትዪው ከእነዚህ አንዱንም አልሰጠሽውም፤ መንዳቱን ብቻ ነው የሰጠሽው።

ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከነሥሩ ስጪው። እንዲህ በዪው፦ «የእማዬ የሐኪም ቀጠሮ ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። መቼ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ትወስዳታለህ፣ ሐኪሙ ያለውን ለሁላችንም ትነግረናለህ።» ሰው ፊት አትንገሪው፣ ተናደሽም አትንገሪው። ቢስቅ አብረሽው ሳቂና ዓረፍተ ነገሩን ሳትቀይሪ ድገሚው። የሐኪም ቤት ካርዱን ቁጥር፣ የስልክ ቁጥሮቹንና የመድኃኒቱን ዝርዝር ከነመጠኑ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ በእጁ ስጪው፤ የመድኃኒት መጠን ለመማሪያ የሚተው ነገር ስላልሆነ እሱን አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ ስድስት ሳምንት ታገሺ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ቀጠሮ ሊዘገይ፣ አንድ ወረቀት ሊረሳ ይችላል። እናትሽን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር መልሰሽ አትውሰጂው፤ አንዴ ከወሰድሽው ሁለተኛ አይቀበልሽም። «እህቴ፣ ቀጠሮው መቼ ነበር?» ብሎ ይደውልልሻል። መልሱን ብታውቂውም «ወረቀቱ አንተ ጋ ነው ወንድሜ» በዪውና ስልኩን በደህና ዝጊ።